የመጀመሪያውን እባብ ስለ መምረጥ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ መስመርና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ሲነገርበት በኖረ መድረክ ላይ ስለ እባብ መናገር እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ የሚሠራ መሐንዲስ ከእባብ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። መሠረት ሲቆፈር፣ የተከማቸ ድንጋይ ሲነሣ፣ ለወራት ሳይነካ የቆየ የብረት ክምር ሲገለጥ፣ ወይም የመጋዘን ወለል ሲጠገን ይገናኛሉ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በውጭ አገር ሰዎች እባብን በመስተዋት ሣጥን ሲያሳድጉ በምስል ያየ ወጣት ባለሙያ፣ «እኔስ አንድ ባሳድግ ምን ይለኛል?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። በቅን ሲታይ የምርጫ፣ የንድፍ፣ የአደጋ ግምትና የኃላፊነት ጥያቄ ነው፤ እነዚህም አራቱ የምሕንድስና ዕለታዊ ተግባራት ናቸው።

ስለዚህ የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እባብ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን በምን ሚዛን መምረጥ እንዳለበት ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ያው ሚዛን እባብ ማሳደግን ከቶ ላላሰበ፣ ነገር ግን በሥራው ቦታ የሰው ሕይወት በአደራ ለተሰጠው መሐንዲስ እንዴት እንደሚያገለግል መግለጽ ነው።

፩. ቦታውና አፈሩ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳማ አገር ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ያቋረጠው፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት፣ የአቃቂ ወንዝም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርድበት አካባቢ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ኃይል መስጠት መጀመሩ ይታወሳል።

የአካባቢው አፈር በብዙ ስፍራ ጥቁር ኮትቻ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁም አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠልቃል። መሐንዲስ ይህንን ባሕርይ የሚያውቀው የቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅበትና የመንገድ ትከሻ ሲያብጥበት ነው። አይጥም በበኩሏ ታውቀዋለች፤ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ በሚዘራበት ማሳ ላይ የበጋው ስንጥቅ ያልተከራየችው ቤት ይሆናታል። አይጥ ባለችበት ደግሞ እባብ ይመጣል። እንግዲህ እባቡ በዚያ ስፍራ የተገኘው በእርግማን ወይም በአጋጣሚ ሳይሆን በመጠለያና በምግብ ሕግ ነው።

በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በአካባቢያቸው ያለፉት ዓመታት የግንባታ ሥራ እርሻውን ወደ መኖሪያ መንደርና ወደ ፋብሪካ ግቢ ለውጦታል። ዶዘር በገባበት ማሳ ላይ ስንጥቁ ሲደፈን፣ ጎሬው ሲፈርስ፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይወጣል። የቀን ሠራተኛው እባቡን የሚያየው በዚያች ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በክፍት ጫማ ቆሞ ነው።

፪. ፍርሃትና ዕውቀት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገሬው ሰው። ፍርሃቱ ከጥንት የመጣ ነው። ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚነገረው የአርዌ አፈ ታሪክ፣ ሕዝብን ያስገብር የነበረ ዘንዶ ከተገደለ በኋላ የሰው መንግሥት እንደ ተጀመረ ያወሳል፤ በሸራ ላይ በተሣሉ ባህላዊ ሥዕሎችም ይህ ታሪክ በተደጋጋሚ ይታያል። በአንጻሩ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ የመዳን ምልክት ነበረ፤ በብዙ የሕክምና ተቋማት ዓርማ ላይም በበትር የተጠመጠመ እባብ እናያለን። ስለዚህ በሰው ልብ ውስጥ እባብ ሁለት መልክ አለው ማለት ይቻላል።

ዕውቀት ግን ከሁለት በላይ መልክ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የሚገኙት እባቦች አንድ ወገን አይደሉም። ሰው የሚገድል መርዝ ያላቸው አሉ፤ መርዛቸው ለሰው የማያሰጋ አሉ፤ ፈጽሞ መርዝ የሌላቸውም አሉ። ማልኮም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እንቁራሪቶችና በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ጉዳዩን በጥልቀት ማጥናት ለሚፈልግ መነሻ የሚሆን ሥራ ነው።

ገና ያልተጠናው ብዙ ለመሆኑ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። በመቱና በበደሌ መካከል ከተገኘ ናሙና ተነሥቶ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጠው የደጋ እፉኝት በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር ነው። ሌላው ዘመዱ፣ በባሌ ተራሮች ከሐረና ደን ስሙን ያገኘው፣ እንደ አዲስ ዝርያ የተገለጠው ገና በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህም በላይ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አንድ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ወገን በ2022 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የነገድ ስም ሲሰጠው፣ ተመራማሪዎቹ የመረጡት ስም «ቦፋ» የሚለው ነው። ይህ በአቃቂ ዙሪያ ገበሬ አፍ የኖረው፣ በኦሮምኛ «እባብ» ማለት የሆነው ቃል እነሆ በዓለም ሳይንስ መዝገብ ገብቷል።

፫. የምርጫው ሚዛን

እንበልና ቃሊቲ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ከእናቱ ጋር የሚኖር አንድ ወጣት መሐንዲስ እባብ ለማሳደግ አሰበ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ነው። የመሐንዲስ ጥያቄ ግን «ነገሩ ቢበላሽ ምን ይከተላል?» መሆን አለበት። ድልድይ የሚነደፈው ለአማካይ ጭነት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እባብም የሚመረጠው ለመልካሙ ቀን አይደለም። ስለዚህ አምስት ጥያቄዎች በተራ ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ መቆለፊያው ክፍት ቢያድርስ? እባብ ትዕግሥተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የክዳኑን ዳር እየገፋ መፈተን ይችላል። ያመለጠው መርዝ የሌለው ትንሽ እባብ ከሆነ፣ ውጤቱ የእናት ድንጋጤና የጎረቤት ወሬ ነው። ያመለጠው እፉኝት ከሆነ ግን ውጤቱ የሰው ሕይወት ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን መርዛማ እባቦችን ሁሉ ከምርጫ ያወጣል። ልምድ፣ ድፍረት ወይም ጥሩ ቁልፍ ይህን ፍርድ አይለውጠውም፤ ጉዳቱን የሚቀበለው ሰው ምርጫውን ያደረገው ሰው ላይሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጫጩት ዘንዶ ዛሬ ደስ ያሰኛል። የአፍሪካ ታላቁ ዘንዶ ግን ከአምስት ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል፣ በአንድ ሰው ኃይል የማይገታ እንስሳ ነው።

ሦስተኛ፣ ስንት ዓመት ይኖራል? ውሻ የሚያሳድግ ሰው ለአሥር ዓመት ያህል ይገባል። በጥሩ አያያዝ ብዙዎቹ ለማዳ የሚሆኑ እባቦች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም ከሠላሳ ያልፋሉ። ወጣቱ መሐንዲስ ነገ ለመንገድ ሥራ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አፋር ለስድስት ወር ቢላክ፣ ውኃውን ማን ይለውጣል? ሙቀቱን ማን ይቆጣጠራል? እናቱ «ልጄ፣ እንኳን ላበላው ልየውም አልፈልግ» ካሉ፣ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ተጓድሏል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ምን ይበላል፣ ምግቡስ ከየት ይገኛል? በውጭ አገር ለእባብ የሚሆን የቀዘቀዘ አይጥ በሱቅ ይሸጣል። ይህ አገልግሎት በሌለበት ከተማ እባብ ያሳደገ ሰው አይጥም ማርባት ይኖርበታል። ከመጋዘን የተያዘች አይጥ አትሆንም፤ የአይጥ መርዝ በልታ ሊሆን ይችላል፣ መርዙም ወደ እባቡ ይሻገራል፤ ጥገኛ ትሎችንም ልታመጣ ትችላለች።

አምስተኛ፣ ከየት መጣ? ከዱር የተያዘ እባብ ብዙ ጊዜ በትል የተጠቃ፣ የደነገጠና ምግብ እምቢ የሚል ነው። በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገው ግን ከሰው ጋር መኖርን ከመጀመሪያው ይለምዳል። ይህ ጥያቄ ከሕግ ጋርም ስለሚገናኝ ወደፊት ይነሣል።

፬. እጩዎቹ

በዚህ ሚዛን እጩዎቹ አንድ በአንድ ይመዘኑ።

እፉኝት በመጀመሪያው ጥያቄ ወድቋል። በአፍሪካ ምድር ብዙ ሰው ከሚነድፉት እባቦች ዋነኛው ነው፤ ወፍራም፣ አጭር፣ በደረቅ ቅጠልና በአፈር ቀለም ተመሳስሎ የሚተኛ፣ ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት የሚቆይ በመሆኑ ሳያዩት ይረግጡታል። የደጋው እፉኝትም ቢሆን ውበቱ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ አድርጎታል፤ ነገር ግን ተፈላጊነቱ መርዙን አያጠፋውም።

ዘንዶ በሁለተኛው ጥያቄ ወድቋል። ከዚህም በተጨማሪ፣ የዘንዶ ወገን በሙሉ ለአደጋ በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም በ1989 እ.ኤ.አ. የስምምነቱ አባል ሆናለች።

በዓለም ላይ በብዛት ለማዳ ከሆኑት መካከል፣ ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል የኳስ ዘንዶ የሚባለው ትንሹ ዘንዶ ይገኛል። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሱዳንና ኡጋንዳ ድረስ በዱር ይኖራል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ጠባዩም ዝግ ያለ ነው። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶችን ወደ ውጭ ሲልኩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች አሉት። ለወራት ምግብ እምቢ ማለት ልማዱ ነው፤ ይህም ጀማሪውን ያስጨንቃል። ሙቀትም አጥብቆ ይፈልጋል፤ የአቃቂ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሙቀት አይሰጥም።

በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የበቆሎ እባብ ለጀማሪ ይመከራል። በእጅ ለመያዝ የሚመች፣ ምግብ የማይመርጥ፣ ከኳስ ዘንዶ ይልቅ ቅዝቃዜን የሚታገሥ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ምናልባት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ በሰው እጅ የተፈለፈለ ጫጩት በቀላሉ ያገኛልና። የቃሊቲው ወጣት ግን ከሩቅ አገር ሊያስመጣው ነው፤ ይህም ፈቃድ፣ ወጪና የመንገድ ሥቃይ አለበት።

እንቁላል ብቻ የሚበላው እባብ ጥርስ የለሽ ሊባል የሚችል፣ ፈጽሞ የማይጎዳ ፍጡር ነው። ሲቆጣ ቅርፊቱን አፋትጎ ድምፅ እያሰማ እፉኝት መስሎ ለመታየት ይሞክራል። ነገር ግን የሚበላው የትናንሽ ወፎችን እንቁላል ነው፤ የዶሮ እንቁላል ለብዙዎቹ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ በአራተኛው ጥያቄ ይወድቃል።

የሚቀረው የቤት እባብ ነው። ቡናማ ቀለም ያለው፣ በፊቱ በሁለቱም ወገን ፈዘዝ ያሉ መሥመሮች የሚታዩበት፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ መርዝ የሌለው፣ አይጥ ጠምጥሞ አንቆ የሚበላ የአፍሪካ እባብ ነው። ሴቷ ትተልቃለች፤ ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ምግብ ሲሰጡት አይግደረደርም። ስሙን ያገኘውም አይጥ ተከትሎ ወደ ሰው ቤት ስለሚገባ ነው። ሲደነግጥ ሊነክስ ይችላል፤ ንክሻው ግን ከሽቦ ጭረት የማይበልጥ ነው። በአምስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን፣ በሰው እጅ የተፈለፈለ ወንድ የቤት እባብ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

፭. ሣጥኑ

እባብ ሙቀቱን ከአካሉ አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይቀበላል። ስለዚህ ሣጥኑ ከማደሪያነቱ በላይ የአካሉ ሥራ ማካሄጃ ነው። አንዱ ዳር 30 ዲግሪ፣ ሌላው ዳር 23 ዲግሪ ያህል ቢሆን፣ እንስሳው እንደ ፍላጎቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ራሱን ያስተካክላል። አማካዩን 26 ዲግሪ እንበለው። በአቃቂ የብርድ ወራት የቤቱ ውስጥ ሙቀት ሌሊት 15 ዲግሪ ቢወርድ፣ ልዩነቱ 11 ዲግሪ ነው።

ሣጥኑ 90 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የስድስቱ ፊቱ ስፋት በድምሩ 2 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ብቻ ቢሠራ፣ የእንጨቱና የአየሩ የሙቀት መከላከል አንድ ላይ ተደምሮ በአንድ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 3 ዋት ያህል ያሳልፋል። እንግዲህ 2 በ3 በ11 ሲባዛ፣ ማሞቂያው ያለማቋረጥ ከ65 ዋት በላይ መስጠት አለበት። በውጭ ወገን 25 ሚሊ ሜትር ነጭ የማሸጊያ ፎም ቢለበስ ግን የሚያልፈው ሙቀት ወደ 1 ዋት ስለሚወርድ፣ ከ22 ዋት የማይበልጥ ይበቃል። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ጥቂት ይጨምርበታል።

ዋናው ጥቅም ግን በመብራት ክፍያው ላይ የሚገኘው ቁጠባ አይደለም። መብራት ሲጠፋስ? እንጨቱና በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ የ5 ሊትር ውኃ ዕቃ ሙቀት ያጠራቅማሉ። ፎም በሌለበት ሣጥን የ11 ዲግሪው ልዩነት በሁለት ሰዓት ገደማ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ፎም በለበሰው ሣጥን ግን ያንኑ ያህል ለመውረድ ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ማታ መብራት ጠፍቶ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ባይመለስ፣ የመጀመሪያው እባብ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛው ገና ከ19 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ልዩነት የተገኘው በጥቂት ብር ፎም ነው።

ሌላው የማይታለፍ ነገር ቴርሞስታት ነው። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት መትከል፣ ቦይለርን ያለ ግፊት መቆጣጠሪያ እንደ መተው ይቆጠራል። እባብ ከሥር የሚመጣን ቃጠሎ ቶሎ አይሸሽም፤ ሆዱ እስኪቆስል ድረስ በላዩ ይተኛል። የሙቀት መለኪያውም በሁለቱም ዳር ይቀመጥ፤ በመካከል የተቀመጠ አንድ መለኪያ የሚናገረው አማካዩን ብቻ ነው። ክዳኑ በሁለት መቆለፊያ ይዘጋ። በሁለቱም ዳር መሸሸጊያ ይኑር፤ መሸሸጊያ በአንድ ዳር ብቻ ካለ፣ እባቡ ከመሸሸግና ከመሞቅ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

፮. ጤንነትና ሕግ

በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ጤነኛ ሆነው ሳሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋሲ ሊሸከሙ ይችላሉ። ስለዚህ እባቡን ወይም ሣጥኑን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ መንካት የለበትም፤ የውኃ ዕቃውም በወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ አይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ ባለበት ቤት እባብ ባይገባ ይመረጣል።

ስለ ሕግ ደግሞ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ጀምሮ የዱር እንስሳን መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ተደርጓል። በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመውም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ ሣጥን ከመሥራቱ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ከግንባታ ቦታ ያገኘውን እባብ በማዳበሪያ ከረጢት ጨምሮ ቤቱ መውሰድ ሕግንም ጥንቃቄንም መጣስ ነው። ያውም የቤት እባብ ነው ብሎ የያዘው ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ ስሕተቱን የሚያውቀው ከተነደፈ በኋላ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። በሰው እጅ የተፈለፈለ የቤት እባብ ከሁሉ ይሻላል ከተባለ፣ እንዲህ ያለውን የሚያቀርብ ሕጋዊ አርቢ በአጠገብ ከሌለ፣ ፈቃዱም ካልተገኘ፣ ምርጫው ባዶ አይሆንምን? መልሱ አዎን ነው፤ ባዶ ይሆናል። ጥሩ መሐንዲስ መሬቱ የማይሸከመውን ሕንፃ አይሠራም፤ «አይሠራም» ብሎ መጻፍም የሙያ ውጤት ነው። እባብ ያሳደገውን ሰው አይወድም፤ ቢበዛ ይታገሠዋል። ሲቀርቡት ጅራቱን አይቆላም፣ ሲለዩት አይናፍቅም። እንግዲህ እባብን የሚያሳድግ ሰው የሚያገኘው ብቸኛ ደመወዝ ማወቅ ነው፤ ማወቅን ደግሞ ሣጥን ሳይሠሩም ማግኘት ይቻላል።

፯. የሥራ ቦታው እባብ

ይህም ወደ ሁለተኛው ዓላማ ያደርሳል። አብዛኛው የማኅበሩ አባል እባብ አያሳድግም። ነገር ግን በአቃቂ ሜዳ ላይ ሥራ የሚመራ አባል ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ በግቢው እባብ አለው። የእርሱ ምርጫ «የትኛውን ላሳድግ?» ሳይሆን «ካለው ጋር እንዴት ልሥራ?» የሚል ነው። መመዘኛው ግን ያው ነው፤ ነገሩ ቢበላሽ ምን ይከተላል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ። አብዛኞቹ በእርሻና በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ድሆች ናቸው። የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት ውድ ነው፤ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ስለዚህ መድኃኒቱ የት እንዳለ መጠየቅ የሚገባው ሰው ከተነደፈ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ሲመነጠር ከአንድ ወገን ተጀምሮ ወደ ክፍቱ ሜዳ ይሂድ፤ ዙሪያውን ከብቦ ወደ መካከል መግባት እንስሳውን ሁሉ ከሠራተኛው እግር ሥር ይሰበስባል። ድንጋይ በእጅ ሳይሆን በዲጂኖ ይገልበጥ። ብረትና ጣውላ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። የምግብ ትራፊ በየዕለቱ ይነሣ፤ ትራፊ አይጥን፣ አይጥ እባብን ይጠራልና። የሌሊት ዘበኛው የእጅ ባትሪ ይሰጠው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀን ሠራተኛው ቦት ጫማ ያግኝ፤ የእፉኝት ንድፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ነው። የቦት ጫማ ወጪ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሲሰረዝ የተሰረዘው ምን እንደሆነ ፈራሚው መሐንዲስ ይወቅ።

ሰው ቢነደፍ፣ ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቀለበትና ጫማ ይውለቅ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ሰውየው ሳይሮጥ፣ ሳይራመድ፣ በመኪና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እባቡን ለማሳየት ሲባል አሳዶ መያዝ ሁለተኛ ተነዳፊ ያመጣል፤ መልኩን ማስታወስ፣ ከሩቅ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይበቃል።

እባቡ ሲታይ ሥራው ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም፣ ሠራተኞቹ ራቅ ብለው መንገድ ቢለቁለት፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሄዳል። «ጋሼ፣ ተዉት ይለፍ» ያለ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ ዱላ ይዘው የሚቀርቡትን አዛውንት ዘበኛ ከአደጋ ሊያድን ይችላል፤ ሰው ከሚነደፍባቸው ጊዜያት አንዱ እባብ ለመግደል የሚቀርብበት ጊዜ ነውና። ያለፈው እባብ የቤት እባብ ከነበረ ደግሞ፣ የመጋዘኑን ስንዴና የኤሌክትሪክ ገመድ ከአይጥ የሚጠብቅ ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ በሕይወት ተረፈ ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ የዚህ ንግግር ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሕጉ የፈቀደለት፣ ቤተ ሰቡ የተስማማለት፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ኃላፊነት የተዘጋጀ ሰው በሰው እጅ የተፈለፈለ የቤት እባብ ይምረጥ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሰው መጽሐፍ ይምረጥ። የሥራ ቦታ የሚመራ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ጥንድ ቦት ጫማ አለ? የመርዝ ማርከሻ በቅርብ የሚገኘው በየትኛው ሆስፒታል ነው? ወደዚያ የሚያደርስ መኪና በሌሊትስ አለ ወይ?